ማሽኑ ሲቆም ማን ይከፍላል?

አዳማ ውስጥ "ሥራሽ ምንድን ነው?" ስባል መልሱ ይረዝምብኛል። "መንገድ ሥራ ላይ ኢንቫይሮመንት ነኝ" እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። "እህ፣ ችግኝ ተከላ?" ፍራንኮ አካባቢ ጀበና ቡና የምታፈላልን ልጅማ ክረምት በገባ ቁጥር የማንጎ ችግኝ ታዘኛለች። አንድ ቀን አመጣላታለሁ።

ሳይት ላይ ስሜ "ኢንቫይሮመንቷ" ነው። የምሠራው ከአማካሪ መሐንዲሱ ቡድን ጋር ነው። ኮንትራክተሩ ለም አፈሩን ለብቻው አስቀመጠው ወይስ ከድንጋይ ጋር ደባለቀው? የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ገባ ወይስ መሬት ጠጣው? አቧራው ሰፈር ሲገባ የውሃ ቦቴው የት ነበር? ከቁፋሮው መቃብር፣ ገል፣ አጥንት ወይም እንግዳ ድንጋይ ሲወጣ ማን አየ? ማንስ ተናገረ? ይህን እየዞርኩ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እጨቃጨቃለሁ። ባብዛኛው እጨቃጨቃለሁ።

አካባቢና ቅርስ አንድ ሰው ላይ መጫናቸው የሚገርማቸው አሉ። ሕጉ ነው አብሮ ያስቀመጣቸው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 "ተፅዕኖ" ምን እንደሆነ ሲዘረዝር ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከአየርና ከሰው ጤና ጋር የባህል ቅርስንም ይጠራል። ስለዚህ ትልቅ ፕሮጀክት ሲጀመር አንድ ወፍራም ሰነድ አብሮ ይመጣል። ሁሉም ነገር ውስጡ አለ። በቁፋሮ መሃል ቅርስ ቢገኝ ምን ይደረጋል የሚል ምዕራፍም አለው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ኮንቴይነር ቢሮ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ የአዳማን አቧራ ይጠጣል።

ሰነዱን የሚጽፉት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፤ ቅሬታ የለኝም። ግን መሬቱ ሲከፈት እነሱ የሉም። አርኪዮሎጂስትም የለም። ብዙ ጊዜ እኔም የለሁም፤ አንድ ፒክአፕ ለስንቱ ይዳረሳል? በዚያች ሰዓት እዚያ ያለው የቁፋሮ ማሽኑ ኦፕሬተር ነው። ከመሬት ሥር ያለውን ነገር ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ለማየት ያለው ጊዜም የስካቫተሩ ባኬት ወርዶ እስኪነሳ ድረስ ነው።

እኔ የማምነው ይኼን ነው። ቅርሱም ሆነ አፈሩ የሚተርፈው ያ ሰው ማሽኑን በማቆሙ ኪሱ ካልተጎዳ ነው። ሥልጠናው፣ ፖስተሩና ቢጫ ሪባኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አከፋፈሉን ላስረዳ። እኔ በሠራሁባቸው ሳይቶች ከማየው ማሽን ብዙው ኪራይ ነው። ባለቤቱ በሰዓት ይከፈለዋል። የሚቆጠረው ደግሞ ማሽኑ የሠራበት ሰዓት ነው። ማታ ታይም ሺት ይፈረማል፤ ያልተፈረመ ሰዓት ገንዘብ አይሆንም። ኦፕሬተሩ የወር ደመወዝ ቢኖረውም ቤቱን የሚደግፈው ትርፍ ሰዓቱና ባለቤቱ በእጁ የሚጨምርለት ነው። የሲኖው ሾፌር ሒሳቡ በቢያጆ ነው። ስንት ጫነ፣ ስንት ደፋ። አንድ ስካቫተር ሲቆም ከኋላው የተሰለፉት ሲኖዎች ሁሉ ይቆማሉ። ሾፌሮቹ ይወርዳሉ፣ ጥላ ይፈልጋሉ፣ ጫት ያለው ጫቱን ያወጣል፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ ይተክላሉ።

በዚህ መሃል አንድ ኦፕሬተር አጥንት አየ እንበል። ቢያቆም ባለቤቱ ይቆጣል፣ ሾፌሩ ይቆጣል፣ ፎርማኑ ይቆጣል፣ የራሱም ትርፍ ሰዓት ይቀራል። ባያቆም ማንም አላየውም። እናንተ ብትሆኑስ?

አሁን አንድ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ።

ከአዳማ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ሰሌክት፣ ማለትም ለመንገዱ የሚሆን የተመረጠ አፈር፣ የምናወጣበት አንድ ጉብታ ነበር። (የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ድንጋይ ለቃሚ እንዳይሄድበት።) ከላይ ስስ አፈር፣ ከሥሩ ግራጫ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከዚያ ቡናማ አፈር፣ ከዚያ እንደገና አመድ። ማሽኑ የቆረጠው ግድግዳ እንደተነባበረ እንጀራ ይታያል። ኦፕሬተሩ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ማሽን ላይ የነበሩ። ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ጋ የተሰበረ ጠርሙስ በዛብኝ።"

"የምን ጠርሙስ ነው ጋሼ?"

"ጥቁር ነው፤ የቢራ ይመስላል። ግን ከዚህ ሁሉ አፈር ሥር ማነው ቢራ የጠጣው?"

ይቺ ጥያቄ ከስንት ሪፖርት ትበልጣለች። ስደርስ ባልጩት ነው፤ የጥንት ሰው መሣሪያ የሚሠራበት፣ እንደ ጠርሙስ ያለ ጥቁር ድንጋይ። በእርግጥ ባልጩት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ነው። ተፈጥሮ የሰበረችው ባልጩት ግን ቅርጹ እንደመጣ ነው። እነዚህ አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠርዛቸው በትንንሹ እየተፈለፈለ ተስሏል። ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ የምትቀረው ትንሽ እብጠት አብዛኞቹ ላይ ትታያለች። እኔ አርኪዮሎጂስት አይደለሁም፤ ይህን ያህል ለመለየት ግን አሠልጥነውናል። "ጋሼ፣ ማሽኑን ያጥፉልኝ" አልኳቸው።

ለምን እንደቸኮልኩ ካርታ ያየ ሰው ይገባዋል። ከአዳማ በስተደቡብ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ፣ ጋደሞታ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። አዋሽን ሽቅብ ብትከተሉት ደግሞ መልካ ቁንጥሬንና ባልጪትን ታገኛላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መልካ ቁንጥሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው አርኪዮሎጂስት እንዳይመስላችሁ። ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው። ለሌላ ሥራ የሄደ ሰው ነው ያየው። እንደ ጋሼ።

የጋደሞታ ድንጋዮች ዕድሜ የታወቀበት መንገድ ለእኛ ሥራ ትልቅ ትምህርት አለው። ባልጩቱን ትኩር ብሎ በማየት አልታወቀም። የለኩት በላዩ የተኛውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ባሉ ማዕድናት የታመቀ አርጎን የሚባል ጋዝ አለ፤ በእሱ አመዱ መቼ እንደወደቀ ይሰላል። የላይኛው አመድ 276 ሺህ ዓመት ከሆነው ከሥሩ ያለው ድንጋይ ከዚያ ይበልጣል። ሒሳቡ ይኸው ነው።

አሁን ዶዘር አመዱንና ድንጋዩን ደባልቆ ገፋው እንበል። ባልጩቱ አይጠፋም። ታጥቦ ሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል። ዕድሜው ግን ጠፋ። የዛሬዋ ዛምቢያ ውስጥ ካብዌ የሚባል የማዕድን ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1921 ማዕድን ቆፋሪዎች እዚያ የጥንት ሰው የራስ ቅል አገኙ። የራስ ቅሉ ተረፈ። የወጣበት ጉብታ ግን በማዕድኑ ሥራ ተበልቶ አለቀ። ስለዚህ የዚያ ሰው ዕድሜ መቶ ዓመት ገደማ ሲያከራክር ኖረ። "ለቅመን ቢሮሽ ድረስ እናምጣልሽ" የሚሉኝ ፎርማኖች አሉ። ልበ ቀና ናቸው። እሺ የማልላቸው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መመሪያው አጭር ነው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ አስጽፌ ማሽኖቹ ጋቢና ውስጥ አስለጥፌዋለሁ። ያየኸውን አታንሳ። አታጥበው። (ሊያግዙ ብለው የሚያጥቡ አሉ!) ፎቶ ስታነሳ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም መዶሻ አስቀምጥ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። በሸራ ይሸፈን፣ ለሌሊት ጥበቃ ይመደብለት። ለመሐንዲሱ በጽሑፍ ይነገር፤ መሐንዲሱ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሄዳል። አጥንቱ የሰው ከመሰለ ግን ከሁሉም በፊት ፖሊስና ቀበሌ ይጠራል። የሺህ ዓመት ሰው ይሁን የዓምና፣ ኦፕሬተር ሊወስን አይችልም። የቆየ መቃብር ከሆነ የአካባቢው ሽማግሌዎች ሳይመጡ አይነካም። በአርሲ በኩል መንገድ ዳር የተቀረጹና ቀለም የተቀቡ የመቃብር ድንጋዮች ያጋጥማሉ፤ እነዚያን ያለ ቤተሰብ ፈቃድ የነካ ኮንትራክተር ከማሽኑ ጋር ተከብቦ ነው የሚያድረው። ደግ አደረጉ እላለሁ።

ጋሼ ማሽኑን ካጠፉ ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። የማሽኑ ባለቤት ነው።

"እህቴ፣ ለጠርሙስ ስባሪ ነው ማሽኔን ያቆማችሁት?"

አስረዳሁት። ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ። "ጥሩ፣ ቅርስ ነው። የአገር ነው። ታዲያ የአገሩን ወጪ እኔ ብቻዬን ለምን እችላለሁ? ባንኩ ባልጩት አይቀበለኝም።"

ሰውየው እውነቱን ነው። ማሽኑ የተገዛው በብድር ነው።

በጣም የሚያናድደው፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከተጻፈ ቆይቷል። ብዙ ትልልቅ የመንገድ ውሎች የሚቀዱት ፊዲክ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የውል ሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 4.24 ስለዚሁ ነገር ነው። ቅሪተ አካል፣ ሳንቲም፣ ጥንታዊ ዕቃ ወይም ፍርስራሽ ሳይት ላይ ከተገኘ ኮንትራክተሩ ሰው እንዳይወስደው ይጠብቃል፣ ወዲያው ለመሐንዲሱ ያሳውቃል፣ መመሪያ ይቀበላል። በዚህ ምክንያት ከዘገየ ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል። ወጪ ካወጣ ወጪው ይመለስለታል። እ.ኤ.አ. በ2017ቱ እትም ቁጥሩ 4.23 ሆኗል፣ ሐሳቡ ያው ነው። ክሌሙን፣ ማለትም የጊዜና የወጪ ጥያቄውን፣ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

እንግዲህ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ሰው ኪሱ ተጠብቋል። ገንዘቡ ግን እሱ ጋ ደርሶ ይቆማል። የማሽን ኪራይ ውሉ ሌላ ወረቀት ነው። ጥቂት ገጽ፣ ሁለት ማህተም፣ "በሠራው ሰዓት ይከፈላል" የሚል ዓረፍተ ነገር። ባለቤቱና ኦፕሬተሩ መሃል ደግሞ ወረቀትም የለም። የዓለም ባንክም ሆነ ሌላ አበዳሪ የሚያስጽፈው የቅርስ ጥበቃ ሥርዓት እስከ ኮንትራክተሩ ቢሮ በር ድረስ በደንብ ይሠራል። ከበሩ ወዲያ በይሉኝታ ነው።

በይሉኝታ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አይቻለሁ። ድሮ በሠራሁበት ሌላ ፕሮጀክት አንድ የመንገድ ቆረጣ ላይ የሸክላ ገልና ከሰል የተቀላቀለበት ጥቁር አፈር ወጥቶ ነበር። የድሮ ሰው ሠፈር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሙሌት ውስጥ ገብቶ ሮለር ሄደበት። የሰማነው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ካምፕ ሲፈርስ፣ ምሳ ላይ ነው። አንድ ወጣት ኦፕሬተር እንደ ጨዋታ አነሳው። "ገንቦ ነበር እኮ፤ አንዱ እንዳለ ነበር።" ለምን አልተናገርክም ተባለ። ከዚያ በፊት አንድ ባልደረባው መቃብር አይቶ ስላቆመ፣ በማግስቱ ማሽኑ በሌላ ማሽን ተተካ፤ ልጁም አብሮ ሄደ። ሁሉም ኦፕሬተር ይህን ያውቅ ነበር። ፖስተራችን ግን ግድግዳው ላይ አለ፣ ባለ ቀለም። የዚያን ጊዜው ኮንትራክተር የወር ሪፖርቱ ላይ "የተገኘ ቅርስ፦ የለም" ብሎ ይጽፍ ነበር። ውሸትም አልነበረም፤ ማንም አልነገረውማ።

ወደ ጉብታው ልመለስ። ያደረግነው ነገር ትንሽ ነው። ታይም ሺቱ ላይ አንድ መስመር አስገባን። "በቅርስ ወይም በአካባቢ ጉዳይ በትዕዛዝ የቆመ ሰዓት" ይላል። እኔና የመሐንዲሱ ተወካይ እንፈርማለን። ኮንትራክተሩ ለባለቤቱ ይከፍላል፣ እሱ ደግሞ በክሌም ያስመልሳል። ባለቤቱ ያንን ሰዓት ለኦፕሬተሩ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጥርለታል። ተሰልፈው ለነበሩት ሲኖዎችም እንዲሁ።

ኮንትራክተሩ ወዲያው እሺ አላለም። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ "ነገ የጉብታው ድንጋይ ሁሉ ቅርስ ሊሆንብኝ ነው" አለ። የሚያስቅ ግን ትክክለኛ ስጋት ነው። ስለዚህ ገደብ አበጀንለት። ማሽኑ ባለሙያ እስኪመጣ እዚያው ቆሞ አይጠብቅም። ሪባን ይታሰርና ወደ ሌላ ጫፍ ይዛወራል። የሚከፈለው የቆመበትና የተዛወረበት ጊዜ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ የመቆፈሪያ ቦታ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ይህን ነገር ጀማሪ ባልደረቦቼ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል። አማራጭ ቦታ የሌለው ሳይት ላይ "ቁም" ማለት ጦርነት ማወጅ ነው። አማራጭ ካለ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው።

የቅርስ ባለሙያው መጣ። ግድግዳውን በብሩሽ ጠረገ፣ ንብርብሩን ሳለ፣ ከአመዱም ከባልጩቱም ናሙና ወሰደ። ለጋሼ ጥያቄ አበዛባቸው። የትኛው ንብርብር ላይ መጀመሪያ አዩት? ከላይኛው አመድ በላይ ነው በታች? ጋሼ በጣታቸው አሳዩት። ባኬቱ ሲነካው ድምፁ እንደተለወጠ ሁሉ ነገሩት። የጉብታው አንድ ጥግ ከሰሌክት ማውጫው ውጭ ተደረገ፤ በሌላው በኩል ቁፋሮው ቀጠለ። ሉሲን አላገኘንም። ዜና ላይ አልወጣንም። መንገዱም በባልጩት ምክንያት አልዘገየም፤ የዘገየው በሲሚንቶና በናፍጣ ነው፣ እንደማንኛውም መንገድ።

ከታይም ሺቷ መስመር በኋላ ግን የስልክ ጥሪ በዛ። አብዛኛው ባዶ ነው። የላም አጥንት። የተቀበረ የውሃ ቱቦ። አንድ ጊዜ "የጣሊያን ቦምብ" ተብሎ ሰው ሁሉ የሸሸለት ብረት የአሮጌ መኪና ሾክ አብዞርበር ሆኖ ተገኘ። መሸሻቸው ልክ ነው፤ ደግመው ቢሸሹም አልስቅም። የሳቅኩትም ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። ባዶ ጥሪ ሲበዛ ደስ ይለኛል። ዝም ያለ ሳይት ነው የሚያስፈራኝ።

ይኼ የክፍያ ነገር ከቅርስ አልፎ አፈሩም ላይ ይሠራል። እንዲያውም በይበልጥ ይሠራል። ሾፌር በቢያጆ ሲከፈለው ምን ያደርጋል? ተራፊ አፈሩን የተፈቀደለት መድፊያ ድረስ ከመውሰድ ይልቅ ቅርብ ያለው ሸለቆ አፍ ላይ ይደፋዋል። ክረምት ሲመጣ ያ አፈር ይወርዳል። አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ ነው፤ ጎርፍ ሲወርድ የሚያርፈው ከተማው ላይ ነው። የእኛ አፈር ልቅ የእሳተ ገሞራ አፈር ስለሆነ ውሃ አንዴ መንገድ ካገኘ ይቦረቡረዋል። ትናንት የበግ መሻገሪያ የነበረች ቦይ ዛሬ ቤት ትውጣለች። መንገዱ ራሱም ጎርፉን ይሰበስብና በአንድ ከልቨርት (በመንገድ ሥር ባለ የውሃ ማሳለፊያ) ይለቀዋል። ከከልቨርቱ በታች ያለው ገበሬ በድሮው ጎርፍ ጤፉ ይተኛበት ነበር፤ በአዲሱ መሬቱ ይሄድበታል። ለዚህ ነው ከልቨርት አፍ ላይ ድንጋይ ይነጠፍ ብዬ ሰው የማሰለቸው።

ሸለቆ ውስጥ መድፋቱን በጥበቃና በቅጣት ለማቆም ተሞከረ። ሾፌሮች ከጥበቃ ይፈጥናሉ። መጨረሻ ላይ የሠራው ኩፖኑ የሚሰጥበትን ቦታ መለወጥ ነው። ድሮ ኩፖን የሚቆረጠው ሲጭኑ ነበር። አሁን የሚቆረጠው መድፊያው ላይ ነው፤ እዚያ ካልደረሰ ቢያጆው አልተቆጠረም። ለረጅሙ መንገድም ዋጋው ከፍ አለ። በማግስቱ ሸለቆው አፍ ላይ አንድም ሲኖ አልነበረም። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሰጠሁት ንግግር እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቶ አያውቅም፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ለም አፈሩም እንዲሁ ነው። የላይኛው አፈር ተገፎ ለብቻው ይከመራል። ክምሩ ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበዛ ውስጡ ያለው ሕይወት ይታፈናል። ሰሌክት የወጣበት ጉድጓድ ሲዘጋ ይመለስበታል። ይህ ሥራ በክፍያ ዝርዝሩ ላይ ራሱን የቻለ ዋጋ ካለው ይሠራል። "ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተካቶ" ከተባለ አይሠራም፤ ጉድጓዱ ክፍት ይቀራል፣ ክረምት ውሃ ይሞላዋል፣ ልጆች ይዋኙበታል። የሚመጣውን አደጋ መናገር አያስፈልገኝም።

ውሃ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ኮንክሪትና ብሎኬት ለማጠጣት የሚቆፈሩ፣ ፕላስቲክ የሚነጠፍባቸው የውሃ ጉድጓዶች አሉ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እንዲህ ያለ ሰው ሠራሽ ውሃ ትወዳለች። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገው ቅኝት ድሬዳዋና አዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኝታለች። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከእኛ በዚሁ መንገድ ነው፤ ሲኖዎች ሲመላለሱ ይውላሉ። ስለዚህ በርሜል ክደኑ፣ የማትጠቀሙበትን ጉድጓድ አድርቁ። ይኼ ምንም ክፍያ አይጠይቅም፤ እኔም በነፃ ነው የምጨቃጨቀው።

ሕጉ ለኦፕሬተሩ ራሱ ያስቀመጠለት ነገር አለ፤ እሱ ግን አያውቀውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41ን ሳነብላቸው አብዛኞቹ በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ጠብቆ ማቆየት አለበት። እስከዚህ ግዴታ ነው። ቀጥሎ ግን ያስረከበው ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲያገኝ፣ ያወጣው ወጪም እንዲመለስለት ይላል። ይህን ቱልቦክስ በምንለው የሳይት አጭር ስብሰባ ላይ ሳነብ ከኋላ አንዱ ጮክ ብሎ "ስንት ነው ሽልማቱ?" አለ። አዋጁ "ተገቢ" ብሎ ያልፋል። "እሱማ ታውቋል፣ ሰርተፊኬት ነው" አለና ሰው ሁሉ ሳቀ።

የግል ቤት ለምትሠሩም አንቀጹ ያው ነው። መሠረት ስታስቆፍሩ እንግዳ ነገር ከወጣ ወረዳችሁ ወይም ክፍለ ከተማችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስታውቁ። ገቢ የተደረገበትን፣ ማህተም ያረፈበትን ኮፒ ያዙ። ብዙ ሰው "ከነገርኳቸው ቦታዬን ይወስዱብኛል" ብሎ በሌሊት ይደፍነዋል። አዋጁ ለዚህም አስቧል። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነፃ ሊሆን ይችላል። 6 ወር ለቤት ሠሪ ረጅም ነው፤ ሲሚንቶ እስከዚያ ስንት ይገባል? ማሳጠር ቢቻል እኔም እፈርማለሁ። ግን ባለሙያ ቶሎ መጥቶ "ተራ ነገር ነው፣ ቀጥሉ" የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መጠራት አለበት።

የማሽኑ ባለቤት በቅርቡ ቢሮ መጣ። ለሌላ ፕሮጀክት አዲስ የኪራይ ውል ሊፈራረም ነው። ያቺ የታይም ሺት መስመር ውሉ ውስጥ ካልገባች አልፈርምም ብሎ ኮንትራክተሩን ይዞታል። የእኔን ናሙና ወሰደ፣ ቡና ጋበዘኝ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ "ለዝናብ የቆመ ሰዓትም ብትጨምሩበት?" አለኝ።

እሱን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋገር አልኩት።